የአጎቴ የኋላ ወንበር

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሆናቸው። ከሰበታ አየር ጤና ለቅዳሴ ሲሄዱ፣ ድሮ የሚኒባሱ ጋቢና የእሳቸው ነበር። «ቀስ በል! ምን አስቸኮለህ?» እያሉ ከሾፌሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ይደርሳሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚገቡት ተቆጥተው ነበር።

አንድ ዓመት ለዐቢይ ጾም ጋቢናን ተዉ። መጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያወጣሉ፤ የመጀመሪያዋን ሰላም ለኪ ለሾፌሩ ይጸልያሉ። ፋሲካ አለፈ፤ ወደ ጋቢና አልተመለሱም።

«ጋሼ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«ጾሙስ ተፈታ፤ እኔ ግን ገና ነኝ» አሉኝ።

እስኪያርፉ ድረስ ቦታቸው ያ ጥግ ሆነ።

እሑድ ለአርባቸው ቅዳሴ ስሄድ ጋቢና ነበርኩ። ሾፌሩ ኩርባ ላይ የጭነት መኪና ሊቀድም ሲል ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ። ሳላስበው ዞር ብዬ የእሳቸውን ጥግ አየሁ። የሽንኩርት ጆንያ ተቀምጦበታል። አፌን ዘጋሁ። ሰላም ለኪን ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ።

ስመለስ የሌላ ሚኒባስ ሾፌር «ጋቢና ባዶ ነው፣ ግባ» አለኝ።

አመስግኜው ወደ ኋላ አለፍኩ።