ዕጣው ከወጣ በኋላ

ነርስ ነኝ፤ አገሬ ስማዳ፣ ምላሴም ሥራ አይፈታም። ዝሆኔ ለምንለው የእግር እብጠት አዲስ ቅባት ሊሞከር ነው ተባለና "ለገበሬው አንቺ አስረጂ" አሉኝ። ምን ገዶኝ!

ከወገዳ ራቅ ያለ መንደር ሄጄ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አገኘሁት። "ግማሻችሁ አዲሱን፣ ግማሻችሁ የተለመደውን ቅባት ትወስዳላችሁ። ቆርቆሮው አንድ ዓይነት ነው። ማን የቱን እንደወሰደ እናንተም እኔም አናውቅም። ያልፈለገ ይቅር፤ የጀመረም ባሻው ቀን ያቁም፤ ሕክምናው አይቀርበትም" አልኩ። አንድ ሽማግሌ "አታውቂውም? ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ቢሉ ሜዳው በሳቅ አውካካ።

ደሜ ፈላ። ቅርጫ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

"በሬውን አርዳችሁ ሥጋውን መደብ መደብ ስታደርጉ፣ ዕጣውን የሚጥለው ማነው?"

"የማን ዕጣ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነዋ።"

"ለምን?"

"እንዳያዳላ!"

"ይኸውላችሁ! ሐኪሙም ለአዲሱ ቅባት ጠንካራ ጠንካራውን ሰው ቢመርጥ፣ የዳኑት በቅባቱ ይሁን በጉልበታቸው በምን ይታወቃል? ማን የቱን እንደወሰደ ካወቀም ዓይኑ የተመኘውን ያያል።"

ገባቸው። ሁለት እግራቸው ያበጠ አንዲት እማሆይ ከፊት ተቀምጠው ነበር። "ሥጋ ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ቅርጫ ግን አልረሳሁም" ብለው ቀድመው በጣታቸው ፈረሙ። "ለእኔስ መሸ። የልጄ እግር ግን ገና ሳያብጥ ማቃጠል ጀምሯል፤ ለእሷ የሚሆናት ይታወቅ" አሉኝ። እንዴት ኮራሁ! ከእኔ በላይ አስረጂ ያለ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ወር እማሆይ በዚያ እግራቸው፣ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ወገዳ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ቀላቅለነዋል" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

"ምኑን?"

"ቅባቱን። ቅርጫ ነው አላልሽም? ቅርጫ ላይ አጥንት የበዛበት ሲያዝን፣ ሥጋ የደረሰው ቆርሶ ይሰጠው የለ? አዲሱ ያልደረሳት እንዳታዝን ብለን በማርያም ማኅበር ዕለት ሁላችንም ገበቴ ላይ ገለበጥነው፤ አማስለን እኩል ተካፈልን።"

ወሽመጤ ተቆረጠ። የሦስት ወር ልፋት ገበቴ ውስጥ ገባ! ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ? ምሳሌውን ያመጣሁት እኔ። ደግሞስ የደረሳትን ለጎረቤቷ ሳታካፍል የማያስችላትን ሴት ምን ብዬ ልቆጣ? አንጀቴን በሉት።

"እማሆይ፣ ማንም አላወቀባችሁም እኮ" አልኳቸው።

"ሴቶቹም እንደሱ አሉኝ። ግን ያልሆነውን ሆነ ብላችሁ ብትጽፉ፣ ኋላ ልጄን በምን ልታክሟት ነው?"

"ከሙከራው ትወጣላችሁ። አዲሱ ደርሶዎት ከነበረም ይቀራል።"

"አውቄ ነው የመጣሁ" አሉኝ።

እኔ ተምሬ፣ ሠልጥኜ፣ እንደሳቸው ደፍሬ እናገር እንደነበር እንጃ። ለኃላፊዎቼ የኔንም ጥፋት ጨምሬ ነገርኩ። የመንደሩ ውጤት ተሰረዘ፤ የእግር መታጠቢያው ሳሙናና የተለመደው ቅባት ግን አልተቋረጠባቸውም።

ወዲያው ሌላ መንደር ላስረዳ ተላክሁ። የቅርጫው ምሳሌ ጋ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። ለካ እማሆይ ከልጃቸው ጋር መጥተው ከሰዉ መሀል ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ያበጠ እግራቸውን አሳዩ።

"እኛ አማስለን አበላሸነው። እናንተ በየዕጣችሁ ጽኑ። መካፈሉ እውነቱ ከታወቀ በኋላ ይደርሳል" አሉ።

አንዲት ሴት "እርስዎ ወጥተዋል አሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ምን ያገኛሉ?" አለቻቸው።

"እኔማ ምንም" አሉ እማሆይ፣ የልጃቸውን ጉልበት ያዝ አድርገው። "የዚችን እግር አትርፉልኝ እንጂ።"