አንደኛ ላይ የጻፍኩት ስም

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ አውራ ጣቴን ሰማያዊው የማኅተም ቀለም ላይ ስጫን ሽታው ሰነፈጠኝ። የቢሮዋ ልጅ «ይበቃል እህቴ፣ አንሺው» ባትለኝ እዚያው ፈዝዤ እቀር ነበር። ሰቆጣ፣ አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ የጎረቤታችንን ሽማግሌ ጣት ይዤ እንዲህ ያለ ቀለም ያስነከርኳቸው እኔ ነኝ።

ያኔ የከተማው ወጣቶች ታስረው ነበር፤ መምህራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የታሰሩት ልጆች ለምን ፍርድ ቤት አይቀርቡም?» ብሎ ጠየቀ፤ በማግስቱ ፖሊሶች እሱንም ወሰዱት። ሰው ተቆጣ። ገበያው ዳር ካለው የሙስሊሙ ነጋዴ ሱቅ ተሰብስበው፣ ይፈታ ብለን ለአስተዳደሩ ቢሮ የምናስገባውን አቤቱታ አንቺ ጻፊ አሉኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበራ! የከሰዓት ፀሐይ በበሩ ገብታ ወረቀቱ ላይ አርፋለች፤ ሱቁ ሳሙናና የኑግ ዘይት ይሸታል።

ሽማግሌው የመጡት ጨው ሊገዙ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ «እኔም አለሁበት» አሉ። ከአማርኛው ይልቅ የአገራችን አገውኛ፣ ኽምጣናው የሚቀናቸው ሰው ነበሩ፤ ቀስ ብለው «ግርጌ ላይ አድርጊኝ ልጄ፣ ፊደል አላውቅ» አሉኝ።

«ኧረ ነውር ነው አባባ! እርስዎን ግርጌ?»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ «እሰይ፣ ያሳደገሽ ይባረክ» አለኝ። በእኛ አገር ታላቅ ሳይቀድም ማን ማዕድ ላይ እጁን ይሰዳል? ስማቸውን አንደኛ ላይ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ከጎኑም ጣታቸውን አሳተምኳቸው።

አቤቱታው በገባ በሦስተኛው ቀን እሳቸውን መጥተው ወሰዷቸው። ለካ እዚያ ቢሮ ከላይ የተጻፈ ሰው የነገሩ ጠንሳሽ ነው! ሮጬ ሄጄ «በዕድሜ ነው እኮ የደረደርኩት!» ብል ዘበኛው ሳቀብኝ።

ለእሳቸው ሌላ አቤቱታ ጻፍኩ። ያው ሱቅ፣ ያው ሰዎች። እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «አንተ ቅደም» «ኧረ አንተ» ሲባባሉ አንደኛ ላይ መስፈር የሚፈልግ ጠፋ። ተናድጄ የራሴን ስም አናት ላይ ጻፍኩ፤ ሁለተኛ የሚሆንም አልተገኘ። ያኔ ጠላኋቸው፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ ሳስበው አልፈርድባቸውም። ወረቀቱን ብቻዬን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው አየት አድርጎ «ሌላው ሰው የታለ?» አለና መለሰልኝ።

መምህራችን ቀድሞ ተፈታ። እሳቸው ክረምቱን እዚያው እስር ቤት ከርመው፣ እግራቸው አብጦ፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ራሴን እየዳበሱ «ምን አጠፋሽ? አክብረሽኝ እኮ ነው» አሉኝ።

ምነው በሰደቡኝ!