የሌለችው በቅሎ

ባሌን በቅሎ አልጣለችውም። በቅሎ አልነበረንም። ይህን በአፌ ስናገር ብዙ ዘመን ኖርኩ፣ ሰሚ አላገኘሁም። አሁን በስተርጅና ፊደል ለይቻለሁና ልጻፈው። የጻፉትን መቼም ነጠላ ጎትቶ ዝም የሚያሰኘው የለም።

የሞተው ደጃችን ላይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየም፣ ከአምቦ ወጣ ብሎ ነበር ቤታችን። የገብስ ጆንያ ተሸክሞ ከጎተራው ሲመጣ ቆም አለና እጁን ደረቱ ላይ ጣለ። «ተቀደደ» አለ። እኔ ሞኟ ጆንያውን አየሁ። ጆንያው ደህና ነበር። ከዚያ ሕመሙ ወደ ጀርባው ዞሮ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ገባ፤ ላቡ እንደ ውሃ ወረደ። ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው ጎድን ተከፍቷል ብሎ በሆዱ አስተኛውና ጀርባውን በጉልበቱ ተጫነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፈ። ጢሙ እንኳ ገና በደንብ አልሞላም።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሲጎርፍ አማቴ በር ላይ ተቀምጠው ለገባው ሁሉ «በቅሎ ጣለችው» ይላሉ። እኔ አዮ ነበር የምላቸው፣ በአገሩ ወግ እናቴ ማለት ነው፤ ልጅ ስለነበርኩም ፊታቸውን ቀና ብዬ አላይም ነበር። የማን በቅሎ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አንዷ ለቀስተኛ እንዲያውም የበቅሎዋን ተንኮል እየዘረዘረች አለቀሰች። ዳለቻ ናት አለች። የበቅሎዋን መልክ ከሷ ሰማሁ።

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ልጃገረድ ስትታጭ ሽማግሌ ዘር ያጠናል። ቁምጥና አለባቸው ወይ፣ እብደት አለባቸው ወይ ይላል፤ ወንዶቹ በጎልማሳነታቸው የሚረግፉበት ቤት ከሆነ ደግሞ እርግማን አለበት ይባልና ሴቶቹ ቆመው ይቀራሉ። አዮ ያላገቡ ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። የልጃቸው ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ስለ ሴቶቹ ሠርግ አሰቡ። እናት ናቸው፣ ይሁን እል ነበር። ኋላ ግን ይሁን የምልበት ሆድ አጣሁ።

መበለት ስሆን ቅቤ ንግድ ገባሁ። እግሬም አንድ ቦታ መርጋት አይወድ። ከጉደር ካቺሲ፣ ከካቺሲ ተመልሼ ሸነን፣ የባሌ ዘመድ ባለበት እያደርኩ እዞራለሁ። ካቺሲ ላይ የባሌ አጎት ሚስት ነበረች፣ እሷም መበለት። ባሏን ምች መታው ነው የሚባለው። አንድ ቀን ከምንጭ ውሃ ስንቀዳ፣ ሰው በሌለበት፣ ምን ዓይነት ምች ነው ብዬ ጠየቅኳት። እንስራዋን አስቀመጠችና ወደኋላዋ ዞር ብላ አየች። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተሰነጠቅሁ እንዳለ፣ ሕመሙ ጀርባው ውስጥ እንደገባ፣ ከሰዓት በኋላ እንደሞተ ነገረችኝ። ይህንን ለማንም እንዳልናገር እዚያው ምንጩ ላይ አስማለችኝ። ሸነን ላይ ደግሞ የባሌ የሌላው አጎቱ ልጅ፣ መለሎ ቆንጆ ነበረች፣ በአራስ ቤት ሞተች። እሷን ዛር ነው የገደላት ይላሉ። እናቷ ግን ስትሞት ያለችውን ነገረችኝ፤ ያው ነው። ደረት፣ ከዚያ ጀርባ።

ለአንዱ ሞት ሦስት ስም አውጥተውለት፣ እያንዳንዱን ስም በየመንደሩ ቀብረውት፣ እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ አድርገውታል። እኔ እግሬ ባይዞር ኖሮ ማን ያገጣጥመው ነበር? ስመለስ መንገድ ለመንገድ ብቻዬን እየተሳደብኩ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ተሳድቤ አላውቅም።

ምክንያቱም ልጅ አለችኝ። አንድ ብቻ። ቁጭ አባቷን ናት። ቁመቷ በር ያጎነብሳታል፣ ዓይኗ ሩቅ አያይላትም፣ እንደሱ። ጣቶቿ ረጃጅም። ገበያ ይዣት ስወጣ ሴቶቹ እጇን እየያዙ «ወይ አለንጋ ጣት» ይላሉ፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሙገሳቸው ሁሉ የአባቷ ሬሳ ላይ ያየሁት ነው። ካቺሲ የማልኩትን መሐላ ግን ለሷ ስል አልጠበቅኩም፤ ከፍ ስትል ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች። «እማዬ፣ ታዲያ ቁመቴን ልቁረጠው?» አለችኝ።

ጉደር የሚያስተምር ጨዋ ልጅ አገባት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እሷም ወሯ ሲገፋ እኔ ዘንድ መጣች። ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ግማሽ ላይ ቆመች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጎረቤቶቹ አምቦ ፍልውሃ ትነከር፣ እርግዝና ነው፣ ያልፍላታል አሉ። አልሰማኋቸውም። አውቶቡስ አሳፍሬ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኳት። አዮ ሳይጠሩ ተከተሉን። ልጅቷን ሊጠብቁ አይደለም፤ አፌን ሊጠብቁ ነው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፣ የምታስተረጉመው ነርስ ናት። ደረቷን ብዙ ካዳመጠ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀ።

«አባቷ በምን ሞተ ይላል» አለች ነርሷ።

አዮ ቀደሙኝ። «በቅሎ ጣለችው።»

ነርሷ ተረጎመች፣ ሐኪሙም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ ሊያልፍ ሲል አየሁ። ሊያልፍ ነው። ልጄ እዚያ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ባልነበረች በቅሎ ምክንያት ልትታለፍ ነው።

«በቅሎ አልነበረንም» አልኩ። «እሳቸውም ያውቃሉ።»

አዮ ነጠላዬን ጎተቱ። እኔም ነጠላዬን መልሼ ጎተትኩ። ደጁን፣ ጆንያውን፣ ካቺሲን፣ ሸነንን፣ አራሷን፣ ሁሉንም አወራሁ፣ ነርሷ እስክትደክም ድረስ። ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። ክንዷን አዘርግቶ ለካት፣ አፏን ከፍቶ አየ፣ ዓይኗን አየ፣ ራጅ አስነሣት። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። ከልብ የሚወጣ ትልቅ የደም ሥር አለ፤ ቁመታቸውና ጣታቸው እንደሷ በሚረዝም በነዚህ ሰዎች ግድግዳው ስስ ሆኖ ነው የሚፈጠረው፣ ደም ሲጫነው እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ከውስጥ ይተረተራል። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል። በውጭ አገር ቀደው የሚጠግኑ አሉ፣ እዚህ የለም። እዚህ የሚቻለው የደሙን ግፊት የሚያላላ ኪኒን እየዋጠች፣ ሸክም ሳትሸከም፣ በዓይናቸው ሥር መውለድ ነው። ከዚህኛው በኋላ ግን አትውለድ አለ። ሌላ እርግዝና ሊገድላት ይችላል።

ስንወጣ አዮ «ይኸው እርግማን ነው አላለም?» አሉኝ።

«ኪኒን የሚሰጡበት እርግማን የት አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ልጄ እዚያው ተኝታ ወለደች። ሴት ልጅ። ሁለቱም በሕይወት ወጡ። እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰ። የሐኪሙ ጥያቄ ይህን ያህል አጭር ነበር ለካ። የሸነኗም አራስ የአጎቷን አሟሟት የሚነግራት ብታገኝ ምናልባት ከአልጋዋ ትነሣ ነበር።

ክርስትናው እንዳለፈ የባሏ ወገን ሽማግሌዎች ላከ። ሚስት ቤቷ ትግባ ነው። ባሏም አብሮ መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያዞረ። ሐኪም ያለውን ነገርኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ኦቦ፣ አቶ ለማለት፣ የምንለው ተጨዋች ሰው፣ ሐኪሙ ማኅፀኗን በግዢ ወሰደው ወይ ብሎ አሳቃቸው። ቀጥሎ ግን ጨዋታውን ተወና፣ ወይዘሮ ለማለት አዴ ብሎ ጠርቶ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አዴ፣ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። የቤት ጉዳይ ሐኪም ፊት አይዘረገፍም። የባልሽን እህቶች ልጆች ስም አበላሸሽ። አሁን በቅሎ ነው በይና ይብቃ፤ ልጅቱም ቤቷ ገብታ እንደ ሴቱ ትውለድ።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ የማልናገር ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን መንደሩ ሰማኝ። «በቅሎ ብዬ ልጄን ልቅበራት? ከዚያ እሷንስ ምን ልትሏት ነው፣ ምች ወይስ ዛር? ስሙን አሁኑኑ ንገሩኝና ለለቀስተኛው ላጥናው።»

ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌዎቹን አላየቻቸውም፣ ባሏን ነው ያየችው።

«እኔ መኖር እፈልጋለሁ» አለችው። «እንዲህ ሆኜ ከፈለግኸኝ አለሁ።»

ባርኔጣው ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነሥቶ ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱን ይፈራል። በዓመቱ ሌላ አገባ። ልጄ አላለቀሰችም ልል አልችልም። ግን ታለቅሳለች፣ ትበላለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ልጇን ታጥባለች። ትኖራለች።

እኔም ወደ ንግዴ ተመለስኩ። የባሌ ዘመዶች ማደሪያ ነሱኝ። ካቺሲ ያቺ መበለት እንኳ መሐላዬን አፈረስሽ ብላ በሯን ዘጋችብኝ። ሰው ቤት ሙሽራ ሲወደስ «አባቷ በምን ሞተ?» እላለሁና ሟርተኛ የሚል ስም ወጣልኝ። ይውጣ።

አንድ የገበያ ቀን ጉደር ቅቤ ተራ ተቀምጬ ሳለሁ አዮ መጡ። አርጅተዋል። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ ቅቤ እንደሚገዛ ሰው ቅሌን እየነካኩ፣ በጆሮዬ የመጨረሻዋ ልጃቸው ደረቴን አለች አሉኝ። ያ ሐኪም የት ነው፣ በምን በኩል ነው የሚገባው፣ ምን ልበለው። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ሰው እንዳይሰማ።»

አሁንም፣ ልጃቸው ታማ እንኳ፣ ሰው እንዳይሰማ። ብቆጣቸው አልቅሰው ይሄዱ ነበር፤ እሷ ደግሞ ምን አደረገች?

«እነግርዎታለሁ አዮ» አልኩ። «ቀስ ብዬ ግን አይደለም።»

ብድግ አልኩና ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። የት እንደሚሳፈሩ፣ የት እንደሚወርዱ፣ የትኛው በር እንደሚገቡ። ሸክም እንዳያሸክሟት፣ ወጌሻ ጀርባዋን እንዳይነካ። ሐኪሙ ወንድሟ በምን ሞተ ሲል ደረቱ ውስጥ ያለው ሥር ተቀዶ ነው እንዲሉ፣ አጎቷም፣ የሸነኗም አራስ እንዲሁ። አዮ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተሸፈኑ፤ ግን አልሄዱም። እስክጨርስ ቁጢጥ ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያም ከነጠላው ውስጥ በኩል የመውረጃውን ቦታ እንደገና ጠየቁኝ።