የሌለው መሰንቆ

አባቴ ቡሬ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። መሰንቆ የሚጫወቱት ለነፍሳቸው ነው፤ ማታ ስፌት መኪናቸውን ከሸፈኑ በኋላ፣ በር ዘግተው። “ለነፍሳቸው” የምትለዋን ቃል ዘመዶቻችን አጥብቀው ይይዟታል፤ ቤታችን የአዝማሪ ቤት እንዳይባል ነው። ለታናሽ እህቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል ገብተውላት ነበር፦ ስትዳር በራሳቸው መሰንቆ ሊሸኟት።

ሠርጉ ሲቃረብ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፤ ግራ እጃቸው ግን የመሰንቆውን ጭራ መጫን ተሳነው። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ከጋቢ ስር ገባ፤ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ከጋቢ ስር ነው። መሰንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ስለ ቃላቸው ማንም አላነሳም። እህቴም አላነሳችም፤ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች እንጂ።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ መብራት ሲኖር በኮምፒውተር፣ ሳይኖር በጠመኔ። ነገሩን እንደተማረ ሰው አሰብኩበት፦ እጅ መሰንቆ መያዝ ካቃተው መሰንቆውን ማስቀረት ነው። የላፕቶፑ ካሜራ ሁለቱን እጆች ያያል፤ ቀኝ እጅ አየር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፅ ይወጣል፣ ግራ እጅ ከፍ ዝቅ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። መጫን የለ፣ መያዝ የለ። በአንድ እጅ ብቻ እንዲሠራ ማድረግም ይቻል ነበር። እኔ ግን ለጥበቡ ክብር ስል ሁለት እጅ ካላየ ትንፍሽ እንዳይል አድርጌ ሠራሁት። በአንድ እጅ ምኑን መሰንቆ ሆነ! ኢንተርኔት ስላልነበረ ከማንም አልተማርኩም፤ ስህተቴን ሁሉ ራሴ ፈለሰፍኩት።

ከሥራ ስመለስ ግድግዳ ፊት ቆሜ እጄን ሳወናጭፍ አመሻለሁ። አከራዬ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ በመስኮት ሲያዩኝ ሰነበቱና አንድ ቀን በጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ።

“አንተየ፣ ይኸ ነገር ሲነሳብህ ራስህን ያምሃል?”

“ኧረ አያመኝም እማማ፣ መሰንቆ እየሠራሁ ነው።”

“የታለ መሰንቆው?”

“የለም።”

ጠበሉን አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ጠጣሁት፤ ፕሮግራሙም በማግሥቱ ሠራ። ምስጋናውን ግን ለራሴ ወሰድኩ።

ቡሬ ወስጄ ለአባቴ አሳየኋቸው፤ በር ዘግተን፣ እኔና እሳቸው ብቻ። ግራ እጃቸውን በቀስታ ከጋቢው አወጡት። የሚነሳው እስከ ደረታቸው ነው፤ እኔም በዚያው ልክ አስተካከልኩት። ቀኛቸውን ሳቡ። ያ የምናውቀው ዜማቸው፣ እየተንገዳገደም ቢሆን፣ ከላፕቶፑ ወጣ። “ይበል” አሉ። ከሳቸው አፍ “ይበል” መስማት ሰንጋ ከመሸለም አያንስም። አለቀ፣ ደቀቀ ብዬ እህቴን ጠርቼ አበሠርኳት።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞላ። ላፕቶፑን ከአባቴ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁትና ለእንግዳው ስለ ዘመናዊ ጥበብ አጠር ያለ ንግግር አደረግኩ። አጠር ያለ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ግራው ከጋቢ ስር ነው።

“አባዬ፣ ግራዎን” አልኩ በሹክሹክታ።

አላዩኝም። የሚያዩት ሰዉን ነበር። በቀኛቸው አየሩን ይስባሉ፣ ይስባሉ፤ ድምፅ የለም። እኔ ሁሉን አስቤ ነበር፤ ብርሃኑን፣ ባትሪውን፣ ጄኔሬተሩን። አባቴ በሰው ፊት እጃቸውን እንደማያወጡ ብቻ አላሰብኩም። ያን ሁሉ ጊዜ ከጋቢ ስር ሲደብቁት የበረዳቸው መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

በዚህ መሃል አክስቴ ዘግይተው ገቡ። ሰው ሁሉ “ኖር!” ብሎ ብድግ አለ። “በእግዜር!” ብለው በላፕቶፑ ፊት ጎንበስ አሉና፣ እንደ ወጉ ሁለት እጃቸውን ለአባቴ ዘረጉ። መሰንቆው ሲጢጥ ብሎ ጮኸ። ቀጥለው የገቡት ሽማግሌ ሲዘረጉም ጮኸ። በኛ አገር በአንድ እጅ ሰላም የሚል ያልተቀጣ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ከአባቴ በቀር የመጣው ሁሉ መሰንቆ ተጫወተ። አጎቴ “ልጃችን ተምሮ ተምሮ ድመት አመጣልን!” አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ሰላምታውን በአንድ እጅ እየመለሱ አንገታቸውን ደፉ፤ አንጀቴን በሉት። ላፕቶፑን ልዘጋ ስነሳ ሙሽሪት ልትወጣ ነው ተባለ።

እህቴ ቬሏን ሰብስባ ከላፕቶፑ ጎን ተንበረከከችና የአባቷን ጉልበት ሳመች። ጉልበት የሳመ ልጅ መሬት ላይ አይተውም፤ ደግፈው ያነሱታል። አባቴ ጎንበስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ከክንዷ ስር አስገቡ። አልነሳ አለቻቸው። እንደገና ሞከሩ። አልተነሳችም። ይኼኔ ግራ እጃቸው ሳያስቡት ከጋቢው ወጣ።

መሰንቆው ወፍራም፣ የሻከረ ድምፅ አወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ፤ አጎቴም ጭምር። አባቴ እጃቸውን አዩት፣ ሰዉንም አዩ፤ መልሰው ሊከቱት ጋቢውን ገለጡ።

“አልነሳም” አለች እህቴ ከመሬት። “መጀመሪያ ይሸኙኝ።”

አባቴ ቀና አሉና በቀኛቸው አየሩን መሳብ ጀመሩ። ግራ እጃቸው እስከ ደረታቸው ወጣ። ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ዜማውም ከዚያ በላይ አይፈልግም። ያችን ያህል እንኳ በትክክል ሠርቻታለሁ።