ሁለት ቅል የያዙት ሽማግሌዎች

ክልሉ በተቋቋመ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ ጋምቤላ እንደተመለስኩ የሐውልት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተመደብኩ። ሐውልቱ የሚቆመው ደም የተቃቡ ሁለት የኑዌር መንደሮችን ላስታረቁ ሁለት ሽማግሌዎች ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ወገን፣ ሌላው ከሌላው። አንደኛው አርፈዋል። ከተወዳደሩት ሦስት ቀራጺዎች ኮሚቴው የመረጠው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው።

ቃለ ጉባኤ መያዝ ይስማማኛል፤ የሚጽፍ ሰው እንዲናገር አይጠየቅም። በሕይወት ያሉት ሽማግሌ የዕርቁን ታሪክ ሲናገሩም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደም የተቃባ ሰው ከባላጋራው ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም። እነሱ ግን የዕርቁ ከብት ከታረደ በኋላ፣ ሕዝብ እያየ ከአንድ ቅል ጠጡ።

ቀራጺው መጋዘን ተሰጥቶት ሦስት ሳምንት በጭቃ ሠራ። በማግስቱ ቅርጹን ለማስቀረት ጄሶ ሊያፈስበት ተዘጋጅቶ ሳለ ደብዳቤ ላደርስለት ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅል ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ቅሉ ሁለት ነው» አልኩት።

«አንድ ከሆነ ሌላው እጁን ምን ያድርገው? ኪሱ ይክተተው?»

«ሁለት ከሆነ አልታረቁም።»

ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ይህን እስከ ዛሬ የት አስቀምጠሽው ነው?»

«ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።»

«ቃለ ጉባኤ ማን ያነባል፣ እቴ?»

ንድፉ ሲጸድቅ ሁለቱን ቅሎች አይቼ፣ ከእኔ የበለጡ ሰዎች ካልተናገሩ ምን አገባኝ ብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ይዤ መጣሁ። ጭቃውን ዞረው ዞረው አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጆሮ ግን በዛ።» ቀጥለውም ቅሎቹን ነኩ። «ይሄ የራሱን ይጠጣል። ያም የራሱን። እንዲህማ ጠላትም ይጠጣል። ልጆቻችን ይሄን አይተው፣ ገና አልታረቁም ይላሉ።»

«አባባ፣ አንድ ቅል ላይ ካጎነበሱ ፊታቸው አይታይም። ሐውልት ፊት ይፈልጋል» አለ ቀራጺው።

«የእኔን ፊት የሚፈልግ ቤቴ ይምጣ።»

ቀራጺው የጭቃ መቁረጫ ሽቦውን አንስቶ የሟቹን ክንድ ከትከሻው ቆረጠው። ሦስት ሳምንት የለፋበት ክንድ መሬት ላይ ወደቀና ጠፍጣፋ ሆነ።

«በይ፣ አንቺ ያመጣሽው ነው» አለኝ። «ከአባባ ጋር ቅሉን ያዢልኝ፤ ጭንቅላቱ የት እንደሚሆን ልይ።»

ውሃ የሞላ ቅል በአራት እጅ ያዝን። ግንባሬ የሽማግሌውን ግንባር ሊነካ ደርሷል፤ ዓይኔን የማደርግበት አጥቼ ውሃውን አየሁ። ቀራጺው ጎናችን ተቀምጦ አዲስ ጭቃ ይጠፈጥፋል። ትንሽ ቆይቶ ቅሉ በእኔ በኩል ዝቅ አለ።

«ይከብዳል» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ያን ቀንም ከብዶ ነበር።»

ቅሉን ሳይለቁልኝ፣ ክብደቱን ትንሽ ወደ ራሳቸው ሳቡት።