የአንድ ሰፈር ዝናብ

የኔነሽን የማያውቅ የደሴ ሰኞ ገበያ ሰው ካለ ቲማቲም በልቶ አያውቅም ማለት ነው። ከሐርቡ የሚመጣውን በማለዳ ተረክባ፣ የፈረጠውን ከደህናው ለይታ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደሴ ዳገቱ ላይ ያለችውን የጭቃ ቤት ያቆመችው በዚሁ ንግድ ነው። ዋጋ የሚያራክስባት ከመጣ "ወንድሜ፣ ፎቶውን ልሽጥልህ?" ትለዋለች።

በሁለት ሺህ ሦስት ነሐሴ፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ጥቁር ደመና ከጦሳ ተራራ ወርዶ የወሩን ዝናብ ባንዴ እኛ ሰፈር ላይ ገለበጠው። ከአስፋልቱ ማዶ የተሰጣ ልብስ እንኳ አልረጠበም። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ቦዩን ደፍነውት ስለነበር ጎርፉ መሄጃ አጣ። ሌሎቻችን ቤት ገብቶ ወጣ፤ የየኔነሽን ግን ይዞት ሄደ። ከገበያ ስትመለስ የቀራት አንድ ግድግዳ ነበር።

በእኛ ዘንድ ቤት የፈረሰበትን ሰው የሚያቆመው ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ደቦ ይወጣል። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ በላቸው ግን ደቦ አልጠሩም። የኔነሽ ጴንጤ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነበር።

"ለምን የእሷ ብቻ ፈረሰ? ቁጣ ነው። የእግዜርን ቁጣ በአካፋ አንመልስም" አሉ።

ሰዉም ሳያፍር "እውነት ነው" አለ።

በዚያው ሰሞን ወንድምአገኘሁ የሚባል የአየር ጠባይ ባለሙያ ቀበሌ ሰብስቦ አስረዳን። ምድር እየሞቀች ነው፤ የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲያወርደውም አንዳንዴ ጠባብ ቦታ ላይ ባንድ ጊዜ ይዘረግፈዋል፤ እንዲህ ያለው ዶፍ ገና ይብሳል አለን። ጋሽ በላቸው አጨበጨቡ። አጨብጭበው ደቦውን አልጠሩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ምድርን ያሞቀው የሩቅ አገር ፋብሪካና መኪና ነው፤ የኔነሽ እንኳን ፋብሪካ፣ ኩራዝም የምታበራው በቁጠባ ነው። ቦዩን የደፈኑትም ኮብልስቶን ነጣፊዎቹ ናቸው። ኃጢአተኛዋ ግን እሷ ተባለች።

ኮምቦልቻ እህቷ ቤት ተጠግታ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እየተመላለሰች ነግዳ ቤቷን ራሷ መልሳ አቆመችው። ከቅሬው ግን አልወጣችም። "ስሞት ማን ይቀብረኛል?" አለችኝ።

በተከታዩ ክረምት ዶፉ ከአስፋልቱ ማዶ ወረደ። እዚያ የሚኖሩት የጋሽ በላቸው የግንብ አጥር ተደርምሶ ሳሎናቸውን ደለል ሞላው። እኛ ሰፈር ጠብ አላለም። ታዲያ ቁጣ ነው ያለ አንድ ሰው የለም። "ፈተና ነው" ተባለ። "ጻድቅ ይፈተናል" ተባለ። የቅሬው ጥሩንባ ለደቦ ወዲያው ተነፋ። ይኸን እየሰማ ደሙ የማይፈላ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የኔነሽም አካፋዋን ይዛ መጣች።

"ነይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሏት ጋሽ በላቸው።

"ጋሼ፣ ምን በድለው ነው ብዬ አልጠይቅዎትም" አለች። "ደለሉ የት ይደፋ?"

ጋሽ በላቸው ቦታውን በእጃቸው አሳዩዋት።

እስከ ቀትር ዛቀች። ምሳ ቀርቦ ሁላችን ስንቀመጥ እሷ አካፋዋን አጠበች፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋም ወጣች። የደቦ እህል ሳይቀምሱ ከሰው ቤት መውጣት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ በላቸው አሳምረው ያውቃሉ። የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት።