በአዳራሹ ደጅ የቀሩ ዱላዎች

ይርገዱ ሰው አታከብርም እያሉ የሚያሟት ሐሰታቸውን ነው። ባሏን አድማሴን ታከብራለች፤ ስትሰድበው እንኳ በአንቱታ ነው የምትሰድበው። ከእሱ በቀር ግን ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ አፋፍ ድረስ በምላሷ ያልተላጠ ሰው አልነበረም። ካድሬው፣ ቄሱ፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም ድርሻውን አግኝቷል። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ደግሞ የገዛ ወንድሟን ፈንታውን ነበር።

ምን ይዋሻል፣ ቢንቁት የሚገባው ሰው ነበር እኮ! አባታቸው ቄስ ይሆንልኛል ብሎ ቄስ ትምህርት ቤት ሰደደው፤ ዳዊት ሳይደግም ተመለሰ። እርሻ አስያዙት፤ ትልሙ እየተጠማዘዘ የጎረቤት ማሳ ገባ። ጨው ልነግድ ብሎ ወጣ፤ ጨዉን ዝናብ አስመትቶ ባዶ ስልቻ ይዞ ገባ። አብዮቱ ሲመጣ ግን ጉሮሮ ያለው ሰው ተፈለገ። ፈንታው ደግሞ ጉሮሮ ብቻ ነበር ያለው። መፈክር ሲያሰማ ሰሙትና ከተማ አስገብተው የቀበሌ አዳራሽ ዘበኛ አደረጉት። ሸራ ጫማም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ወደ እህቱ ቤት ሲመጣ ደጁ ላይ ቆሞ ጫማውን ሣር ላይ ሳይወለውል አይገባም። ይርገዱም ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እያለች ትቀበለዋለች።

ዓመቱ ሰባ ሰባት ነው። ክረምቱ ሳይዘንብ አልፏል፤ መኸር የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ቅጠል እየቀቀለ ይበላል፤ ቄሶቹ ከፍትሐት ወደ ፍትሐት ሲሮጡ ይውላሉ። በይርገዱ ቤት የቀረው አንድ በሬ ነው፤ ቦራ ይሉታል። አጠገቧ ያለችው ባልቴት ወርቄም አንድ በሬ ቀርቷት ነበር፤ የሚጠምድላት ወንድ ግን የላትም። ሁለቱ በሬዎች መቀናጆ ገቡ፣ አድማሴ የሁለቱንም ቤት ሊያርስ። ከመደቡ ሥር ደግሞ በእንስራ የተቀበረ የዘር ገብስ አለ። ይርገዱ ማንም እንዳይነካው በላዩ ላይ ትተኛ ነበር፤ በሆዷ ስንት ጊዜ ቆፍራ አውጥታ እንደበላችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። የበልጉ ዝናብ ከጣለ፣ አድማሴ አርሶ ዘሩን ካገባ፣ ሁለቱ ቤት ይተርፋል። ካልሆነ ያልቃል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

በኅዳር ገደማ ጓድ አባተ የሚባል ካድሬ ከደሴ በላንድሮቨር መጣና አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥን ተከለ፤ ከነቪዲዮ ማጫወቻው፣ ከነጀነሬተሩ። ሕዝብ እህል ሲጠብቅ ሣጥን መጣለት። ሕዝቡን ለማንቃት ነው ተባለ። የራበው ሰው እንቅልፍ ያለው ይመስል!

መጀመሪያ ያሳዩት ንግግርና ሰልፍ ነበር። ሰዉ አንድ ቀን አይቶ በሁለተኛው አልተመለሰም። ከካሴቶቹ መካከል ግን ከየት አገር እንደመጣ ጓድ አባተ ራሱ የማያውቀው አንድ ተከታታይ ታሪክ ተገኘ። ሰዎቹ ሥጋ ለባሽ አይደሉም፤ በቀለም የተሳሉ ናቸው፣ ግን ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ዓይኗ የፊቷን እኩሌታ የያዘ አንዲት ልጅ በጀልባ ተሳፍራ ሰው ትፈልጋለች። ንግግሩ የማን ቋንቋ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ፈንታው ከደጅ ጥበቃው ተነሥቶ ከሣጥኑ አጠገብ የቆመው። እኔ እተረጉመዋለሁ አለ።

ከየት አምጥቶ! ግን አፉን ከፍቶ ጀመረ። ልጅቱን ብርሀንነሽ አላት። ባሕሩን ዓባይ ሞልቶ ነው አላቸው። አባቷን ባላባት አስሮ ወስዶባት እሱን ፍለጋ መውጣቷ ነው ሲል ጓድ አባተ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ክፍሉ ሲያልቅ ልጅቱ ሁልጊዜ ወይ ገደል አፋፍ ላይ ወይ ማዕበል መሃል ነው የምትቀረው። ሰዉም የራበውን የራሱን ልጅ ጥሎ መጥቶ ለቀለም ልጅ እየተጨነቀ ቤቱ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ፈንታውን የሚችለው ጠፋ። በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እየገባ ይህን ሥዕል እዩ ይላል። የትኛው ክፍል እንደሚያስለቅስ፣ የትኛው እንደሚያስቅ፣ ለሽማግሌ የትኛው እንደሚሻል ይመክራል። እንዲህ ያለውን ሳያዩ መሞት ኃጢአት ነው ይላል። ሰዉ ደግሞ በእርግጥ እየሞተ ነበር።

ሰዉ የተጠራበትን ቤት የሚያከብር ሰው ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ሆነ። ባገራችን ወንድ ተጠርቶ ሲገባ ዱላውን ደጅ ያስቀምጣል። ዱላውን ይዞ የገባ ነገር የሚፈልግ ሰው ነው። ታዲያ ያን የሣጥን ቤት እንደ ሠርግ ቤት ቆጥረው ጋቢያቸውን አጥበው፣ ዱላቸውን ከአዳራሹ ግድግዳ አስደግፈው ይገባሉ። ማንም ያዘዛቸው የለም። ጓድ አባተ መጀመሪያ ቀን በዱላዎቹ ሲስቅ ታየ፤ በኋላ መሳቁን ትቶ ትኩር ብሎ ያያቸው ጀመር።

ይርገዱ አንድ ቀን ሄዳ አይታለች። ወንድሟ ሲተርክ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ነበር። የእናታቸውን ቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ልጅቱን አየቻት፤ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ፀጉሯ የሚያበራ። ይርገዱም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ይቺ ልጅ ጀልባው ላይ ምን እየበላች ነው እንዲህ ያማረባት ብላ ጠየቀች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፈንታው ተቀየማት፤ እሷም ተነሥታ ወጣች፣ ሁለተኛ አልሄደችም።

አድማሴ ግን ይወድ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከበሬው በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። ከአዳራሹ በተመለሰ ቁጥር ግን እሳት ዳር ተቀምጦ ይቆይና፣ አባቷን ታገኘው ይሆን ይላል። ይርገዱ አንቱ ደግሞ ለቀለም ያስባሉ እንዴ፣ ቀለም አይራበው አይጠማው ትለዋለች። እሱ ፈገግ ይላል። በዚያ ዓመት ባሏ ፈገግ ሲል የምታየው ለዚያች ልጅ ብቻ ስለነበር አጥብቃ አትከለክለውም።

በየካቲት ዝናቡ ጣለ። ይርገዱ ደጅ ወጥታ ፊቷን አስመታችው፤ ዝናብ አይታ እልል ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው። አድማሴ ቦራንና የወርቄን በሬ ጠምዶ የላይኛውን ማሳ ገለበጠ። በሬዎቹ ከስተው ስለነበር እያሳረፈ ነበር የሚያርሰው። የታችኛውና የወርቄ ማሳ ቀረ። ገብሱም ከመደቡ ሥር ወጣ።

የገበያ ቀን ጠዋት ፈንታው መጣ። እንደ ልማዱ ጫማውን ወልውሎ፣ ፊቱ እያበራ። ዛሬ መጨረሻው ነው፣ ልጅቱ አባቷን የምታገኝበት ክፍል ነው፣ ጓድ አባተ ማንም ጎበዝ እንዳይቀር ብሏል አለ። ይርገዱ መሬቱ ዛሬ እርጥብ ነው፣ ነገ ይደርቃል ብላ መንገዱን ዘግታ ቆመች። ስትሰድበው አፏን የሚይዝላት አልነበረም፤ ሰነፍ፣ የሣጥን ዘበኛ፣ የቀለም አልቃሽ አለችው። ፈንታው ግን ወደ አድማሴ ብቻ እያየ፣ አያ አድማሴ እርስዎን ሳልይዝ አልሄድም አለ።

አድማሴ ሞፈሩን አየ፤ ሰማዩን አየ። ከዚያ ዱላውን ከግድግዳው አነሣ።

«ወንድምሽ ደጄ ድረስ መጥቶ ጠርቶኛል፤ ጠሪ አክባሪ ነው» አላት። «ነገ ጎህ ሲቀድ እጠምዳለሁ።»

የወይራ ዱላ ነበር፤ አባቱ ያወረሰው፣ ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ፣ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ያለው። እየተመረኮዘ ከፈንታው ኋላ ቁልቁል ወረደ።

የሆነውን ከአዳራሹ የተመለሱት ሽማግሌዎች ነገሯት። ጀነሬተሩ እያጓራ ስለነበር ከአዳራሹ ጀርባ የጭነት መኪኖች ሲጠጉ የሰማ የለም። ልጅቱ ደሴት ላይ ወርዳ መሮጥ ስትጀምር በሩ ተከፈተና ሚሊሺያ ገባ። ሽማግሌና ሕመምተኛ ውጡ ተባለ፤ ጉልበት ያለው በጀርባ በር እየተገፋ መኪና ላይ ተጫነ። ሰፈራ ነው፣ ለምለም አገር ነው የሚሄዱት ተባለ። ወለጋ ነው ያለ አለ፣ ኢሉባቦር ነው ያለም አለ። ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ዱላቸው ሰደዱ፤ ዱላው ግን ከፊት ለፊቱ በር ውጭ ነበር። ባዶ እጁን የነበረ ወንድ ሁሉ እንደ በግ ተነዳ። ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋው አልነበረምና ልጅቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስትሮጥ ቆየች አሉ።

በማግስቱ ፈንታው የአድማሴን ዱላ ይዞ መጣ። ይርገዱ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ጫማውን አልወለወለም። ዱላውን በሁለት እጁ ሲሰጣት ተቀበለችና ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። ልቧ እየነደደ ነበር፤ ያን ዱላ አንሥታ ጭንቅላቱን ልትለው ፈልጋለች። ግን የቀረው የቤቱ ወንድ እሱ ነው፤ ያም ራሱ አቃጠላት።

«አገኘችው?» አለችው።

«ማን?»

«ልጅቱ። አባቷን አገኘችው ወይ?»

ፈንታው መሬት መሬት አየ። «አላውቅም እትዬ። ቋንቋውን መች ችዬው። ከልቤ እያመጣሁ ነበር የምናገረው።»

ይኼንንማ ገና አፍህን ስትከፍት አውቄዋለሁ አለችው። መኪኖቹን ታውቅ ነበር ወይ ስትለው በመድኃኔዓለም ማለ። አመነችው። ሐቀኛ ነው ብላ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምስጢር ለፈንታው የሚያካፍል ሞኝ ካድሬ የለም ብላ ነው። እሱ ግን ዝም ማለት አይችልምና የቀረውንም አወጣው። ጓድ አባተ ሌላ ካሴት አለ ብሎታል፤ ለሚመጣው የገበያ ቀን ከወንዙ ማዶ ያሉትን ዞሮ እንዲጠራ አዞታል። ማዶ ያሉት ገና ወሬው አልደረሳቸውም።

ልትሄድ ነው ወይ አለችው። ፈንታው ሸራ ጫማውን አየ። ይርገዱም ከዚያ በፊት ንቄዋለሁ የምትለው ንቀት እንዳልነበረ፣ እውነተኛው ንቀት የአሁኑ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው።

ቀንበሩን ራሷ ተሸክማ ወጣች። ወርቄ በሬዋን ጎትታ መጣች፤ ስታለቅስ አድራ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ፈንታው እርፉን ያዘ። ትልሙ ያው የድሮው ነው፤ ሲጠማዘዝ፣ ድንጋይ ሲዘል፣ በሬዎቹ ዞረው ያዩታል። ይርገዱ ከጎን ከጎኑ የባሏን ዱላ ይዛ እየሄደች ያልሰደበችው ስድብ አልነበረም። መዳፉ ተላጠ። እንዲያም ሆኖ የታችኛው ማሳ ተገለበጠ፤ ሴት ዘር አትበትንም ይባል የነበረውን ትታ ገብሱን ራሷ በተነችው።

የገበያው ቀን ሲደርስ የቀረው የወርቄ ማሳ ነበር። ፈንታው እህቱ ቤት ካደረበት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ጫማውን ሲፈልግ ያዘችው። ጫማው የለም፤ እሳት ውስጥ ጨምራዋለች። በሬዎቹን አሳየችው።

ረፋድ ላይ ከሸንተረሩ በታች የጀነሬተሩ ድምፅ ተሰማ። ፈንታው በትልሙ መሃል ቆመ። ማዶ ያለው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል፤ ማንም ወደ ከተማ የሚወርድበት የለም።

«እትዬ፣ ሳልጠራ ከቀረሁ እኔን ነው የሚጭኑኝ» አለ።

«ይጫኑህ» አለችው። «እስኪመጡ ድረስ ግን እረስ።»

ፈንታው ማልቀስ ጀመረ። እንባው በአዳራሹ እንደሚወርደው ነበር የሚወርደው፤ ድምፁም ያው ነበር። ይርገዱ ዱላዋን ተመርኩዛ ትንሽ አየችው።

«አልቅስ» አለችው። «እርፉን ግን እንዳትለቅ።»